ዊካን፣ ዊች ወይስ ፔጋን? በመንከባከቢያ ቤት ሥራዬ የተማርኩት

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። ሥራውን ብዙ ሐበሻ ያውቀዋል። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ከአልጋ ማንሳት። ማታ ላይ ደግሞ የልባቸውን ሲያወሩ መስማት። ይህን የምጽፈው በዚሁ ሥራ ላይ ላላችሁ እህቶችና ወንድሞች ነው። ሆስፒታል፣ ሆም ኬር ወይም ትምህርት ቤት ለምትሠሩም ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። አንድ ቀን መዝገብ ላይ ሃይማኖት በሚለው ቦታ "ዊካን" ተብሎ፣ ማለትም ዊካ የሚባለውን ዘመናዊ ሃይማኖት የሚከተል ተብሎ፣ የተጻፈለት ሰው ይገጥማችኋል። ወይም በክብ ውስጥ ያለ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ታያላችሁ። ያኔ ከመደንገጥ አስቀድሞ አውቆ መጠበቅ ይሻላል።

ስለ ራሴ አስቀድሜ ልናገር። ኦርቶዶክስ ነኝ። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ ይህን መንገድ አልከተልም። የምጽፈው ማንንም ወደዚያ ለመጥራት አይደለም፤ ለማስጠላትም አይደለም። ሰው ደክሞ እጃችን ላይ ሲወድቅ ማን እንደሆነ በትክክል ማወቅ የእንክብካቤው አካል ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ብዙውን ያስተማሩኝ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሲገቡ በተሞላው ቅጽ ላይ ሃይማኖታቸው "ሌላ" ተብሎ ነበር። ቅጹ ላይ ከተደረደሩት ምርጫዎች አንዱም እሳቸውን አይመለከትም። እሳቸው ግን ዝም አላሉም። "ሌላ የሚባል ሃይማኖት የለኝም። ዊካን ነኝ፣ ጋርድነሪያን ዊካን። እንደሱ ተብሎ ይጻፍልኝ" አሉ። ሱፐርቫይዘሯ አስተካከለችው። ወሬው ግን ወዲያው ሕንጻውን አዳረሰ። አንዷ የአገሬ ልጅ "እኔ የጠንቋይ ክፍል አልገባም፣ ልጆች አሉኝ" አለች። አልፈረድኩባትም። ያደግንበት ነገር ነው። ክፍሉን እኔ ወሰድኩት።

ዊች የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ሰው ጠንቋይ ብሎ ይተረጉመዋል፤ እኔ ግን ጠንቋይ የሚለውን ለእነሱ አልጠቀምበትም። እኛ ጠንቋይ የምንለው ገንዘብ ተከፍሎት የሚያሟርተውን ነው። ሰው ችግር ሲገጥመው ተደብቆ የሚሄድበትን ነው። እኚህ ሴት ለማንም አያሟርቱም፣ ከማንም ሳንቲም አይቀበሉም። እንዲያውም ጋርድነሪያኖች፣ የእሳቸው የዊካ ወገን ማለት ነው፣ ሰውን ለማስተማርና ወደ ማኅበራቸው ለመቀበል ክፍያ መጠየቅን እንደ ነውር ነው የሚያዩት።

ከሁሉ በላይ ግን ስሙን የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ጥያቄ አለ። በአገራችን ቡዳ የሚባል ሰው ራሱን ቡዳ ብሎ አይጠራም። ስሙን የሚለጥፉበት ሌሎች ናቸው። አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሎች በዚህ ስም ስንት ግፍ እንዳዩ እናውቃለን። በአውሮፓም ከ15ኛው እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ ዊች ተብለው የተገደሉት ከ40 እስከ 60 ሺህ እንደሚሆኑ የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። እዚህ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ሴለም በምትባለው ከተማ፣ በ1692 አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተሰቅለዋል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ በድንጋይ ተጭነው ሞተዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እነዚያ ሰዎች በፈቃዳቸው ዊች ነን አላሉም። ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ብዙዎቹ "ሐሰት ነው" እያሉ ነው የሞቱት። የዛሬዎቹ ግን ስሙን በፈቃዳቸው የወሰዱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከእነሱ ጋር ስታወሩ ሰውየው ራሱን ማን ይላል ከሚለው መነሳት አለባችሁ። ጎረቤት የሚለው አይረዳችሁም።

አሁን ወደ ስሞቹ ልግባ። ሦስቱ በብዛት የምትሰሟቸው ፔጋን፣ ዊካንና ዊች ናቸው። ሰው እያቀላቀለ ይጠራቸዋል፤ እነሱ ግን አያቀላቅሉም።

ፔጋን ሰፊው ስም ነው። ከክርስትና በፊት የነበሩ የአውሮፓና የአካባቢው አማልክትን ወይም ተፈጥሮን የሚያከብሩ ዘመናዊ ሃይማኖቶች በሙሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የጥንት የብሪታንያና የአካባቢዋን ካህናት ፈለግ እንከተላለን የሚሉ፣ ድሩይዶች የሚባሉ አሉ። የሰሜን አውሮፓን አማልክት የሚያመልኩ፣ ሂዝን የሚባሉ አሉ። ዊካኖችም አሉ። ክርስቲያን ስንል ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ጴንጤውም እንደሚገባበት ማለት ነው። ዊካ በዚህ ሰፊ ጥላ ሥር ያለ አንድ ሃይማኖት ነው። ጋርድነሪያን ደግሞ በዊካ ውስጥ ያለ አንድ ወገን ነው።

ዊች ግን ከዚህ መስመር ወጣ ይላል። ዊች የሚለው ስም የሚናገረው ሰውየው ስለሚሠራው ነገር ነው። ዕፅዋት ይጠቀማል፣ የጨረቃን ዑደት ይከተላል፣ ካርድ ያነባል፣ ሥርዓት ይሠራል። ከዚህ ጋር ሃይማኖት ሊኖረው ይችላል፤ ላይኖረውም ይችላል። ፈጽሞ በአምላክ የማያምኑ ዊቾች አሉ። ክርስቲያን ዊች ነኝ የሚሉም አሉ። ይህን ስሰማ ለእኔ ከብዶኛል፤ ግን አሉ። ስለዚህ አብዛኛው ዊካን ራሱን ዊች ይላል፤ ዊች ሁሉ ግን ዊካን አይደለም። ይህችን አንዷን ብትይዙ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግራ መጋባት ይቀልላችኋል።

ልዩነቱ በቁጥርም ይታያል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ሃይማኖት አይጠይቅም። የእንግሊዝና የዌልስ ቆጠራ ግን ይጠይቃል፤ ሰውም የፈለገውን መጻፍ ይችላል። በ2021 ቆጠራ ወደ 74 ሺህ ሰው "ፔጋን" ብሎ ጽፏል፣ ወደ 13 ሺህ ደግሞ "ዊካ" ብሎ። ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ2011፣ ፔጋን ያሉት ወደ 57 ሺህ፣ ዊካ ያሉት ወደ 12 ሺህ ነበሩ። በዚያው በ2011 "ዊችክራፍት"፣ የዊች ሥራ ማለት ነው፣ ብለው ለብቻው የጻፉም ከሺህ በላይ ነበሩ። ሰዎቹ ስማቸውን መርጠው ነው የሚጽፉት ያልኩት ለዚህ ነው።

ጋርድነሪያን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሴትዮዋን ጠየቅኳቸው። ሻይ ይዤላቸው ገብቼ ነበር፤ ሻዩ ቀዝቅዞ እስኪቀር አወሩኝ።

ስሙ የመጣው ከጀራልድ ጋርድነር ነው። በ1884 የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። ዕድሜውን አብዛኛውን በሲሎን፣ በቦርኒዮና በማላያ፣ በጎማ እርሻና በጉምሩክ ሥራ አሳለፈ። በ1936 ጡረታ ወጥቶ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። በ1939 ኒው ፎረስት በሚባለው አካባቢ አንድ የዊቾች ማኅበር ሥርዓት ፈጽሞ እንደተቀበለው ተናገረ። ማኅበሩን ኮቨን ይሉታል። በእንግሊዝ ከ1735 ጀምሮ ዊችክራፍትን የሚመለከት ሕግ ነበር። ሕጉ አስማት አለኝ እያሉ ሰውን ማታለልን ነበር የሚቀጣው። እሱ በ1951 ተሻረ። ጋርድነር በ1954 ስለ ሃይማኖቱ በግልጽ መጽሐፍ አሳተመ። በ1964 ሞተ።

ከእሱ ጋር አንዲት ሴት ሁልጊዜ መጠራት አለባት አሉኝ፤ ዶሪን ቫሊየንቴ። በ1953 ነው የተቀበላት። የጸሎቱንና የሥርዓቱን ቃላት እንደገና የጻፈችው እሷ ናት። ዛሬ በየቦታው የሚነበበው የሴቷ አምላክ ቃል የሚባለው ጽሑፍ፣ አብዛኛው መልኩን ያገኘው በእሷ እጅ ነው። "ጋርድነር ባይኖር ዊካ አይኖርም፤ ዶሪን ባትኖር ደግሞ ዊካ ውብ አይሆንም ነበር" አሉኝ። ሲናገሩ ዓይናቸው ያበራ ነበር።

በ1960ዎቹ ደግሞ አሌክስ ሳንደርስ የሚባል የማንቸስተር ሰው ከባለቤቱ ከማክሲን ጋር ሌላ ወገን መሠረተ። አሌክሳንድሪያን የሚባለው እሱ ነው። ከጋርድነሪያን ጋር በጣም ይቀራረባል። ወደ አሜሪካ ጋርድነሪያንን ያመጣው ሬይመንድ ባክላንድ ነው። በ1963 ስኮትላንድ ውስጥ ተቀብሎ፣ ከባለቤቱ ጋር ሎንግ አይላንድ ላይ ኮቨን አቋቋመ። የእኔ ታካሚም በወጣትነታቸው የገቡበት ኮቨን የትምህርት መስመሩ ወደዚያ የሚቆጠር ነው።

መስመር የሚለው ነገር ለእነሱ ትልቅ ነው። ጋርድነሪያን ለመሆን ማንበብ አይበቃም፤ ማመንም አይበቃም። ራሷ ሥርዓት የፈጸመች ሰው ልትቀበልህ ይገባል። እሷንም የተቀበላት አለ፤ እንዲህ እያለ ወደ ጋርድነር ኮቨን ይደርሳል። በባህላቸው ወንድን ሴት፣ ሴትን ወንድ ነው የሚቀበለው። ሦስት ደረጃዎች አሉ። በሥርዓቱ ላይ የሚማሉት የምስጢር መሐላ አለ። አንዳንዱን የአማልክት ስምና የሥርዓት ቃል ለውጭ ሰው አይናገሩም። እኔም አልጠየቅኩም። እናንተም ብትሆኑ ያን አትጠይቁ።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ማን ነው ዊካን የሚባለው?

አሜሪካ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነገሩ ሰፋ። ባክላንድ ራሱ በዚያ ዘመን ሲያክስ ዊካ የሚባል አዲስ ወገን ሲመሠርት፣ ሰው ኮቨን ሳያስፈልገው ራሱን መስጠት ይችላል አለ። በ1988 ስኮት ከኒንግሃም ለብቻቸው ለሚሠሩ ሰዎች መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ በሰፊው ተነበበ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው አንብቦ፣ በቤቱ ሥርዓት ሠርቶ፣ ዊካን ነኝ ማለት ጀመረ። ብቻውን የሚሠራውን ሶሊታሪ ይሉታል። ከተለያየ ወገን የወደደውን አውጣጥቶ የሚሠራውን ኤክሌክቲክ ይሉታል። ሁለቱም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። በመስመር የመጡት ደግሞ ለመለየት ሲሉ፣ በተለይ በዚህ በአሜሪካ፣ ብሪቲሽ ትራዲሽናል ዊካ የሚል ስም ይዘዋል። ጋርድነሪያንና አሌክሳንድሪያን እዚህ ውስጥ ናቸው።

ክርክሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። በየሳምንቱ የሚመጣ አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ለአረጋውያኑ ጊታር የሚጫወት ሰው ነው። እሱም ዊካን ነኝ ይላል፤ ሶሊታሪና ኤክሌክቲክ። አክቲቪቲ ክፍል የምትሠራ አንዲት ወጣት ደግሞ አለች። ክንዷ ላይ የጨረቃ ንቅሳት አላት። እሷ ዊች ነኝ ትላለች። "ዊካን ነሽ?" ሲሏት "አይደለሁም፤ አማልክት የለኝም" ትላለች። ሴትዮዋ ልጅቷን ወደዷት። "እሷ ያልሆነችውን አልልም አለች፤ ጥሩ ነው" አሉኝ። በሰውዬው ላይ ግን ፊታቸውን አጠቆሩ። "መጽሐፍ አንብቦ ጋርድነሪያን መሆን አይቻልም" ይላሉ። እሱ ደግሞ "ጋርድነሪያን ነኝ መች አልኩ? ዊካን ነኝ ነው ያልኩት" ይላል። ሁለቱም በቅንነት ነው የሚናገሩት። እሳቸው መሐላና ሥርዓት ያለፉበትን ስም ነው የሚጠብቁት። እሱ ለዓመታት የጸለየበትን ነው የሚጠብቀው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በሥራ ቦታ ይህን ክርክር የመዳኘት ሥልጣን የለንም። የእሳቸው መዝገብ ላይ "ዊካን፣ ጋርድነሪያን" ይጻፋል። የእሱ ላይ ቢያስፈልግ "ዊካን" ይጻፋል። የልጅቷ ላይ ሃይማኖት የለኝም ካለች "የለም" ይጻፋል። ሰው የነገራችሁን ጻፉ። አንዱ ሌላውን "እውነተኛ አይደለም" ሲል ብትሰሙ አትድገሙት።

ሌሎችም ስሞች ይገጥሟችኋል። ዳያኒክ የሚሉት ሴቷን አምላክ ብቻ የሚያከብሩና አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች ብቻ የሆነ ወገን ነው። ዙዛና ቡዳፔስት በ1971 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመሠረተችው ኮቨን ከሁሉ ይታወቃል። ሪክሌሚንግ ደግሞ ከሳን ፍራንሲስኮ የተነሳ፣ ሥርዓትን ከሰላምና ከአካባቢ ጥበቃ ትግል ጋር ያያያዘ ወገን ነው፤ ስታርሆክ የምትባለው ሴት በእሱ ትታወቃለች። ትራዲሽናል ዊችክራፍት የሚሉ አሉ፤ እነዚህ ስማቸው ከብሪቲሽ ትራዲሽናል ዊካ ጋር ቢመሳሰልም ዊካን አይደለንም ነው የሚሉት። የወጥ ቤት ዊች፣ አረንጓዴ ዊች የሚሉትን ደግሞ ከወጣቶች ትሰማላችሁ። ይህ ወገን ወይም ቤተ እምነት አይደለም። ሰውየው በምን እንደሚሠራ፣ በምግብ ወይም በዕፅዋት፣ የሚናገር ነው። ወንድም ቢሆን ዊች ነው የሚባለው። ወንዱን ለመጥራት አንዳንዱ የሚጠቀምበትን ዋርሎክ የሚለውን ቃል ብዙዎቹ አይወዱትም፤ ባትጠቀሙበት ይመረጣል።

እንዲሁ ሁሉን በአንድ ከረጢት አትክተቱ። አብራኝ የምትሠራ ሃይቲያዊት አለች። አንድ ሰው ቩዱን ከዊካ ጋር ሲያገናኝ ሰምታ በጣም ተቆጣች። ቩዱ ከአፍሪካ ባሪያ ተደርገው ከተወሰዱ ሰዎች የመጣ የራሱ ሃይማኖት ነው። ከኩባ የመጣው ሳንቴሪያም እንደዚያው። ከጋርድነር ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ሂዝኖችም ቢሆኑ ዊካን ስትሏቸው ቅር ይላቸዋል።

የሰይጣኑን ጥያቄ ሳላነሳ ባልፍ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። ሁላችሁም የምታስቡት እሱን ነውና። ዊካኖች ሰይጣንን አያመልኩም። የሚያከብሩት አንዲት ሴት አምላክና አንድ ቀንዳም አምላክ ነው። ቀንዱ የአጋዘን ቀንድ ነው፤ የዱርና የአደን አምላክ ነው የሚሉት። ሰይጣን በክርስትና ትምህርት ውስጥ ያለ ነው፤ እነሱ ያን ትምህርት ስለማይቀበሉ ሰይጣንም በሃይማኖታቸው ውስጥ ቦታ የለውም። እኛ በራሳችን እምነት ይህን እንዴት እንደምናየው ሌላ ጉዳይ ነው። እነሱ የሚሉትን ግን በትክክል መናገር ይገባናል። አንቶን ላቬይ የሚባል ሰው በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የመሠረተው የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ፍጹም ሌላ ድርጅት ነው። እዚያ ካሉት አንዳንዶቹ ዊች የሚለውን ስም ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ዊች የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም፤ ጠይቁ።

"ማንንም እስካልጎዳህ የፈለግከውን አድርግ" የሚል ምክርም አላቸው። ዊካን ሪድ ይባላል። ሴትዮዋ "ምክር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ግን ከባድ ምክር ነው። ማንንም ሳትጎጂ መኖርን ሞክሪውና እይው" አሉኝ። ከዊካ ውጭ ያሉ ዊቾች በዚህ አይታሰሩም። ስለዚህ አንዱን ዊች "እናንተ እኮ ሰው አትጎዱም" ብላችሁ በሌላው ምክር አትለኩት።

ስለ ጥንታዊነቱም ትሰማላችሁ። ዊካ ከድንጋይ ዘመን ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ይህን ሐሳብ ያስፋፋችው ማርጋሬት መሪ የምትባል ምሁር ናት፤ በ1921 ባሳተመችው መጽሐፍ። የታሪክ ሰዎች ዛሬ አይቀበሉትም። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ሃተን በ1999 ባሳተመው ጥናት ዊካ በ20ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ መልክ የያዘ ሃይማኖት መሆኑን በዝርዝር አሳይቷል። ታካሚዬ ይህን አይደብቁም። "አዲስ ነው። አዲስ መሆኑ አያሳፍረኝም" ይላሉ። ይህ አነጋገራቸው ይበልጥ እንዳከብራቸው አደረገኝ።

ወደ በዓሎቹ ስንመጣ በዓመት ስምንት አላቸው። የሟቾች መታሰቢያ የሆነው ሳውን ኦክቶበር 31 ነው። ዩል በታኅሣሥ፣ ሌሊቱ ከሁሉ በሚረዝምበት ቀን ነው። ቤልቴን ሜይ 1 ነው። የአክቲቪቲዋ ልጅ የሴፕቴምበሩን በዓል ሜቦን ስትለው ሴትዮዋ ያርሟታል። ሜቦን፣ ሊታና ኦስታራ የሚሉትን ስሞች ያስገባው ኤይደን ኬሊ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ነው፤ በ1970ዎቹ። እሳቸው ሲገቡ በኮቨናቸው አይባልም ነበር። የቀን መቁጠሪያ የምታዘጋጁ ከሆነ ቀኑን ጻፉና ስሙን ራሳቸውን ጠይቁ።

ሕጉን በተመለከተ፣ በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ይህን እወቁ። በ1986 ሪችመንድ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሁለቱን ስቴቶች የሚያየው ማለት ነው፣ ዊካ በሕገ መንግሥቱ የሚጠበቅ ሃይማኖት ነው ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ የአንድ የቨርጂኒያ እስረኛ ነበር። ይሁንና ሻማና ዕጣን የመሳሰሉ የጠየቃቸውን ዕቃዎች አላገኘም፤ የጸጥታ ምክንያት ቀደመ። ሃይማኖትነቱ አንድ ነገር ነው፣ የቦታው ደንብ ሌላ ነገር ነው። በ2007 ደግሞ የአሜሪካ የጦር ጉዳተኞችና የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ፔንታክልን፣ ያን በክብ ውስጥ ያለ ኮከብ፣ በወታደር መቃብር ድንጋይ ላይ ከሚፈቀዱ ምልክቶች ጋር ጨመረ። ይህ የሆነው በ2005 አፍጋኒስታን ውስጥ የተገደለ የኔቫዳ ብሔራዊ ዘብ ወታደር ሚስት ተሟግታ ነው። ቀድሞ ወታደር የነበረ ዊካን ታካሚ ካላችሁ ቤተሰቡ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ንገሯቸው።

በሥራችን የገጠመንን ልንገራችሁ። ሻማ አይፈቀድም፤ ፎቁ ላይ ኦክስጅን የሚጠቀሙ አሉ። በባትሪ የሚሠራ ሻማ ገዛንላቸው፤ ተስማሙ። አታሜ የሚሉት ጥቁር እጀታ ያለው የሥርዓት ቢላዋ አላቸው። ምንም አይቆረጥበትም፤ ሥርዓት ለመሥራት ብቻ ነው። ቢሆንም ቢላዋ ቢላዋ ነውና ደንቡ አይፈቅድም። የኮቨናቸው ሰው ወስዳ ቤቷ አስቀመጠችላቸው፤ በምትኩ የእንጨት ዘንግ ይጠቀማሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ዕቃ ስታጸዱ ሳትጠይቁ አታንሱ። እንግዶቻቸው መጥተው ክብ ሠርተው ሲጸልዩ፣ ስንት ሰዓት እንደሚጨርሱ አስቀድማችሁ ጠይቁና የመድኃኒቱን ሰዓት አስማሙ። እኛ በር አንኳኩተን ፈቃድ ሳንሰማ አንገባም ነበር። አጣዳፊ ነገር ካለ ግን ግቡ፤ ይህንንም ራሳቸው ናቸው የነገሩን።

ምስጢርም ጠብቁ። ብዙዎቹ ለሥራ ባልደረባ፣ ለልጅ፣ ለእህት እንኳ አልተናገሩም። ሥራ ያጡ አሉ፤ በፍቺ ክርክር ልጅ እንዳይወሰድባቸው የሚፈሩ አሉ። "ይህን መዝገብ ላይ ልጻፈው?" ብሎ መጠየቅ ግዴታችን ነው። ሌላው ቢቀር በእረፍት ሰዓት በአማርኛ አናውራው። በስማቸው እየጠቆምን በማይሰሙት ቋንቋ ስናወራ እንደሚገባቸው አትጠራጠሩ።

እምነታችሁ ግራ ካጋባችሁ ደግሞ አማክሩ። እኔ የንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ። "የታመመውን ማገልገል ታዝዘሻል። አምልኳቸው ውስጥ አትግቢ፤ ከእንክብካቤሽ ግን ምንም አታጉድይ" አሉኝ። ዕጣን አጫጭሺ ወይም አብረሽ ቁሚ ብትባሉ በትሕትና "አልችልም" ማለት ትችላላችሁ። እኔ እንደዚያ ስላቸው ሴትዮዋ ምንም ቅር አላላቸውም። የስቅለት ዕለት ምግብ ሳልቀምስ ስውል ደግሞ እሳቸው ናቸው "ተቀመጪ፣ ደክሞሻል" የሚሉኝ። ያቺ ክፍሉን አልገባም ያለችው የአገሬ ልጅም ቆይታ መጣች። መጀመሪያ በር ላይ ቆማ ሰላም ትል ነበር፤ አሁን ሺፍት ስንለዋወጥ ክፍሉን ትወስዳለች።

የመጨረሻው ነገር ሞት ነው፤ ይህን ሳይታመሙ ጠይቁ። ብዙ ዊካኖች ነፍስ ሰመርላንድ በሚሉት ቦታ አርፋ ተመልሳ ትወለዳለች ብለው ያምናሉ። ቄስ እንዲመጣላቸው አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት የኮቨናቸውን ሃይ ፕሪስተስ፣ ማኅበሩን የምትመራውን ሴት፣ ነው። ሶሊታሪ ከሆኑ ደግሞ የሚጠራ ማኅበር የላቸውም፤ ማን አጠገባቸው እንዲሆን እንደሚወዱ ከራሳቸው ስሙ። ቡክ ኦፍ ሻዶውስ የሚሉት በእጅ የተጻፈ የሥርዓት መጽሐፍም አላቸው። ለጋርድነሪያኖች በመሐላ የተያዘ ነው፤ ከሞቱ በኋላ ወደ ኮቨኑ እንዲመለስ ወይም እንዲቃጠል የሚሹ አሉ። ቤተሰብ ዕቃ ሲሰበስብ ሳያውቅ ሊወስደው ይችላል። የእኛ ታካሚ መጽሐፉን በታሸገ ፖስታ አድርገው፣ ማን እንደሚረከበው በራሳቸው እጅ ጽፈው ፈርመዋል። የተረካቢው ስልክ ቻርቱ ላይ አለ፤ ከልጃቸው ስልክ ቀጥሎ ሁለተኛው ቁጥር እሱ ነው።